የጡት ኤምአርአይ በኮንትራስት፦ ከቀጠሮ እስከ ውጤት ምን ማድረግ አለባችሁ?

ስልኬ ማታ ማታ ይጠራል። "ነገ የጡት ኤምአርአይ አለብኝ፤ መድኃኒት ይወጋሻል አሉኝ። ልጹም? ያማል? ስንት ሰዓት ይፈጃል?" አንዳንዴ የአክስቴ ጓደኛ ነች፣ አንዳንዴ የሰፈር ልጅ፣ አንዳንዴ ደግሞ ቁጥሬን ከየት እንዳገኘች የማላውቃት ሴት። ሥራዬ ኤምአርአይ ማንሳት ስለሆነ መልሱን በቃሌ ይዤዋለሁ። ከእንግዲህ ለጠየቀችኝ ሁሉ ይሄን እልካለሁ።

ምስሉ ጥሩ የሚወጣውም የሚበላሸውም በአብዛኛው በእናንተ እጅ ነው። ቀኑን እናንተ ትመርጣላችሁ፣ ብረቱን እናንተ ታወልቃላችሁ፣ ሳትነቃነቁ የምትተኙትም እናንተ ናችሁ። ማሽኑ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን እነዚህን አያስተካክልም።

መጀመሪያ፦ መድኃኒቱ ለምን ያስፈልጋል?

ካንሰር ለማደግ ደም ይፈልጋል። ስለዚህ አዳዲስ የደም ስሮችን በጥድፊያ ያበቅላል። በጥድፊያ የተሠራ ቧንቧ ደግሞ ያፈስሳል። ጋዶሊኒየም ያለበት መድኃኒት፣ ማለትም ኮንትራስቱ፣ በክንድ ሲሰጥ በነዚህ ስሮች ሾልኮ እብጠቱ ውስጥ ይገባል። ያ ቦታ ምስሉ ላይ ያበራል። ካንሰር ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ደቂቃዎች ውስጥ ቦግ ይላል፤ ከዚያ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይደበዝዛል። ጤነኛው የጡት ሥጋ ግን ቀስ እያለ ነው የሚያበራው። ራዲዮሎጂስቱ፣ ማለትም ምስሉን የሚያነበው ሐኪም፣ ቅርጹንም ፍጥነቱንም አይቶ ነው የሚፈርደው።

"ያለ መድኃኒት አንሱኝ" የምትል ሴት በየሳምንቱ አገኛለሁ። ካንሰር ፍለጋ ከሆነ ያለ ኮንትራስት መነሳት ገንዘብም ጊዜም ማባከን ነው። ያለ ኮንትራስት የሚበቃው የሲሊኮን ጡት ተቀድዶ እንደሆነ ብቻ ለማየት ሲፈለግ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሐኪም ማዘዣ
- የድሮ ማሞግራፊ (የጡት ራጅ)፣ አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ካለ ሲዲውም ሪፖርቱም
- ባዮፕሲ (ለምርመራ የሚወሰድ የሥጋ ናሙና) ተወስዶ ከነበረ ውጤቱ፣ ከየትኛው ጡትና መቼ እንደተወሰደ
- የመጨረሻው የወር አበባ የጀመረበት ቀን
- የኩላሊት ችግር ካለ የቅርብ ጊዜ የክሬቲኒን (የኩላሊት የደም ምርመራ) ውጤት
- ሰውነት ውስጥ የተተከለ ነገር ካለ፣ ሲተከል የተሰጣችሁ ካርድ
- የምትወስዱት መድኃኒት ዝርዝር፤ ስሙ ካልተያዘላችሁ ማሸጊያውን ፎቶ አንሱት
- ብረት የሌለው ልቅ ያለ ልብስ
- ማረጋጊያ ኪኒን ልትወስዱ ከሆነ ወደ ቤት የሚያደርሳችሁ ሰው

1. ማዘዣውን አንብቡት

"በኮንትራስት" እና "ሁለቱም ጡት" የሚል መሆን አለበት። እብጠቱ በግራ ብቻ ቢሆንም ሁለቱም ይነሳሉ። ራዲዮሎጂስቱ አንዱን ከሌላው ጋር ያነጻጽራል፤ ባልተጠረጠረው ጡት ላይ ካንሰር የሚገኝበትም ጊዜ አለ። "የደረት ኤምአርአይ" ተብሎ ከተጻፈ ወደ ሐኪማችሁ ደውሉ። እሱ ሌላ ምርመራ ነው።

2. ቀጠሮውን ከወር አበባችሁ ጋር አስሉት

ይሄን እርምጃ የሚዘለው ሰው ይበዛል። ብዙ ጊዜ የሚነግራቸውም የለም።

ጤነኛ የጡት ሥጋም መድኃኒቱን ይቀበላል። ምን ያህል እንደሚቀበል ደግሞ በሆርሞን ይወሰናል። የወር አበባ ሊመጣ ሲል ጡታችሁ እንደሚከብድና እንደሚያም ታውቁታላችሁ። ያኔ ከተነሳችሁ ጤነኛው ሥጋ ራሱ እዚህም እዚያም ያበራል። ትንሽ ካንሰር በዚያ መሃል ሊደበቅ ይችላል፤ ወይም ምንም ያልሆነ ነገር ካንሰር መስሎ ያስደነግጣችኋል።

ጥሩው ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ለምሳሌ የወር አበባችሁ መስከረም 3 ከመጣ ከመስከረም 9 እስከ 16 ባለው ቀን ቀጠሮ ያዙ። አልሞላ ካለ ቀጠሮ ክፍሉን "የወር አበባዬ እንደመጣ ልደውል" በሏቸው። የለመዱት ጥያቄ ነው።

የወር አበባ ካቆማችሁ የትኛውም ቀን ይሆናል። የሆርሞን መድኃኒት የምትወስዱ ግን ተናገሩ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ካንሰር መሆኑ ታውቆ ስፋቱን ለማየት ከሆነ የታዘዘው፣ ቀን እየቆጠራችሁ እንዳትዘገዩ። ያኔ ፍጥነት ይቀድማል።

3. ስትደውሉ እነዚህን ጠይቁ

"የጡት ኮይል አላችሁ?" ኤምአርአይ ያለው ቦታ ሁሉ የለውም። ኮይሉ አልጋው ላይ የሚቀመጥ ሁለት ጉድጓድ ያለው ዕቃ ነው፤ ሲግናሉን ከጡቱ ቅርብ ሆኖ ይሰበስባል። ያለ እሱ የሚወጣው ምስል ትንሽ ነገር አያሳይም። ሳይኖራቸው "እንሠራለን" ካሏችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

"ማሽኑ ስንት ቴስላ ነው?" ቴስላ የማግኔቱ ጉልበት መለኪያ ነው፤ 1.5 ወይም 3 ካሏችሁ ደህና ነው። "በኤምአርአይ እየታየ ባዮፕሲ መውሰድ ትችላላችሁ?" የሚለውንም ጨምሩ። በሌላ ምርመራ የማይታይ ነገር ከተገኘ ኋላ ይጠቅማችኋል።

አሜሪካ ላላችሁ፦ ኢንሹራንሱ አስቀድሞ መፍቀዱን አረጋግጡ፤ ካልሆነ ሂሳቡ እናንተ ላይ ሊመጣ ይችላል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። ቀጠሮ ስትይዙ "የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" በሉ። ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ። የ14 ዓመት ልጅ "ከዚህ በፊት ፅንስ አስወርደሻል?" ዓይነት ጥያቄ ለእናቱ ሊያስተረጉም አይገባም። እናትየውም እውነቱን አትናገርም።

4. መጠይቁን እውነት እውነቱን ሙሉ

ማግኔቱ ሁልጊዜ በርቶ ነው የሚኖረው፤ ማታም አይጠፋም። ስለዚህ ሰውነታችሁ ውስጥ ያለውን ማወቅ አለብን። እነዚህ ካሉ ሳትመጡ ቀድማችሁ ደውሉ፦

- የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ
- ጭንቅላት ውስጥ ያለ የደም ስር ክሊፕ
- ጆሮ ውስጥ የተተከለ የመስሚያ መሣሪያ
- ጡት በኦፕሬሽን ከወጣ በኋላ ቆዳ ለመወጠር የሚገባ ማስፊያ፤ አንዳንዱ ማግኔት አለው
- ሰውነት ውስጥ የቀረ ጥይት ወይም ፍንጣሪ
- ዓይን ውስጥ የገባ ብረት፤ በተለይ ብየዳ ወይም ብረት ሥራ የሠራችሁ

ዝርዝሩ ውስጥ ስላለ ብቻ አትነሱም ማለት አይደለም። ብዙው አዲስ መሣሪያ በተወሰነ ሁኔታ ይነሳል። ግን ካርዱ መታየት አለበት። ፍንጣሪ ካለ መጀመሪያ ራጅ ተነስታችሁ ቦታው ይታያል። "ድሮ ነው፣ ረስቼው ነበር" የሚባለው ነገር ነው ሰው የሚጎዳው።

ሉፕ፣ የተሞላ ጥርስና የኦፕሬሽን ስፌት ባብዛኛው ችግር የላቸውም። ቢሆንም ንገሩን። ባዮፕሲ ሲወሰድ ጡት ውስጥ የምትቀር ትንሽ ምልክት ማድረጊያም አታስፈራም።

ከዚያ የመድኃኒቱ ጥያቄዎች ይቀጥላሉ። ኩላሊታችሁ በጣም የደከመ ከሆነ ወይም ዲያሊሲስ ላይ ከሆናችሁ ሐኪሙ ቀድሞ ይወስናል። ኩላሊት ደም የሚያጣራበት አቅም (ኢጂኤፍአር የሚባለው ቁጥር) ከ30 በታች ሲሆን ነው ጥንቃቄ የሚጀምረው፤ ጋዶሊኒየሙን ከሰውነት የሚያስወጣው ኩላሊት ነውና። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ከጠረጠራችሁ ተናገሩ። መድኃኒቱ ወደ ፅንሱ ስለሚያልፍ በእርግዝና አይሰጥም ማለት ይቻላል። ከዚህ በፊት ለዚሁ መድኃኒት ሽፍታ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከነበረባችሁ ደግሞ ከቀናት በፊት አሳውቁ። መድኃኒቱን ይለውጡላችኋል፤ አለርጂ መከላከያውም ከምርመራው ብዙ ሰዓት ቀድሞ ነው የሚጀመረው። በር ላይ ብትነግሩን ቀጠሮው ይራዘማል።

5. በቀኑ ብሉ፣ ጠጡ፣ መድኃኒታችሁን ውሰዱ

"ልጹም?" ላላችሁ፦ አያስፈልግም። ቀለል ያለ ምግብ ብሉ። እስከ ጥግ ጠግባችሁ ግን አትምጡ፤ ተደፍታችሁ ነው የምትተኙት። የሚያስተኛ መድኃኒት ይሰጣችኋል ከተባለ ብቻ የተባላችሁትን ያህል ሰዓት ጹሙ።

ውኃ ጠጡ። ውኃ ያልጠጣች ሴት ደም ስር ይደበቃል፤ እኔ እፈልጋለሁ፣ እሷ ትቆስላለች። በጾም ወቅት ከሆነ ውኃ ከምትጠጡበት ሰዓት በኋላ ያለ ቀጠሮ ጠይቁ። የስኳር በሽታ ያለባችሁ ሜትፎርሚን አታቁሙ። ማቆም የሚባለው ለሲቲ ስካን በሚሰጠው አዮዲን ነው፤ ያም ቢሆን ለሁሉም ሰው አይደለም። ቡና አይከለከልም። ግን ልትገቡ ስትሉ ሽንት ቤት ሂዱ።

6. ብረት የነካውን ሁሉ አውልቁ

ሁሉም ሰው ሐብሉንና ጆሮ ጌጡን ያስታውሳል። የሚረሳው ሌላው ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጡ። ጌጥ የለም፣ ሰዓት የለም። ኪሳቸው ባዶ ነው። ጋውን ልስጥዎት ስላቸው "ውስጥ ልብሴ ንጹሕ ነው፣ ከላይ ልደርበው" አሉ። ዝቅ ብዬ ሳይ የቀሚሳቸው ጥለት ያብረቀርቃል። የብረት ክር ነው። ነጠላቸውን አንገታቸው ሥር የያዘችው ደግሞ አንዲት መርፌ ቁልፍ። መርፌ ቁልፏ ማሽኑ አጠገብ ስትደርስ እንደ ጥይት ትበራለች። ክሩ አይበርም፤ ግን ይሞቃል፣ ቆዳ ያቃጥላል።

ስለዚህ፦ የሚያብረቀርቅ ጥለት፣ ሽቦ ያለው ጡት መያዣ፣ ዚፕ፣ የዊግና የሹሩባ ክሊፕ፣ ጨሌና ዶቃ፣ ክታብ፣ አንገት ላይ ያለ መስቀል ሁሉም ይወልቃል። ማተቡ የጥጥ ክር ብቻ ከሆነ ይቆይ። ማግኔት ያለው አርቲፊሻል ሽፋሽፍት አውልቁ፣ ኩሉን ጥረጉ። ቆዳ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒትና የስኳር መለኪያ ካላችሁ ንገሩን፤ አንዳንዱ ስስ ብረት አለው። ስልክና ባንክ ካርድ ውጭ ይቀራሉ። እንሶስላ ችግር የለውም። ንቅሳት ካላችሁ ንገሩ፤ አልፎ አልፎ ቀለሙ ይሞቃል። ዲኦዶራንት በዋናነት የሚከለከለው ለማሞግራፊ ነው።

7. ካኑላው ይገባል

ክንዳችሁ ላይ ትንሽ ካኑላ፣ ማለትም መድኃኒቱ የሚሰጥባት ቀጭን ቱቦ፣ ደም ስር ውስጥ ትገባለች። በአንድ በኩል የብብት ንፍፊት ወጥቶላችሁ ከሆነ በሌላው ክንድ ይሁን በሉ። የመድኃኒቱ መጠን በኪሎ ነው የሚሰላው፦ ብዙውን ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ 0.1 ሚሊሞል። 65 ኪሎ የምትመዝን ሴት እንደ መድኃኒቱ ዓይነት 6.5 ወይም 13 ሚሊ ሊትር ይደርሳታል። ስለዚህ ኪሎ ስትጠየቁ አትቀንሱ። ማንም አይፈርድባችሁም፤ መጠኑ ካነሰ ግን ምስሉ ይደክማል።

8. ተደፍታችሁ ትተኛላችሁ

ጡቶቻችሁ ሁለቱ ጉድጓዶች ውስጥ ወደ ታች ይንጠለጠላሉ። ፊታችሁ ቀዳዳ ባለው ትራስ ላይ ያርፋል። ያስገባችሁ ሰው ጡቱን በደንብ ወደ ውስጥ ሊስበው ይችላል፤ አትፈሩ፣ ሥጋው ካልገባ ምስሉ ላይ አይወጣም። የታጠፈ ቆዳም ይስተካከላል።

ድርድር ካለ አሁን ነው። ደረት አጥንታችሁን የሚጎረብጣችሁ፣ አንገታችሁን የሚያምማችሁ ነገር ካለ አሁኑኑ ተናገሩ። "ይሁን፣ እችለዋለሁ" አትበሉ። በ10ኛው ደቂቃ የማትችሉት ይሆናል። እጃችሁን አታጠላልፉ፤ እጅ ለእጅ ሲነካካ የኤሌክትሪክ ጅረት ይዞርና ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል። ኳስ የምትመስል መጥሪያ ይሰጣችኋል። ስትጨምቋት እንሰማለን።

ጠባብ ቦታ ከፈራችሁ፦ ተደፍታችሁ ስለሆነ ጣሪያው አይታያችሁም፤ በብዙ ማሽንም እግር ቀድሞ ነው የሚገባው። ዓይናችሁን ከመግባታችሁ በፊት ጨፍኑና አትግለጡ። ፍርሃቱ ከባድ ከሆነ ሐኪማችሁ ማረጋጊያ ኪኒን ቀድሞ ያዝላችሁ።

9. መድኃኒቱ ሲገባ አትነቃነቁ

ጠቅላላው ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ነው። ይንኳኳል፣ ይጮኻል፤ የጆሮ መድፈኛ ይሰጣችኋል። መጀመሪያ ያለ መድኃኒት እናነሳለን። ከዚያ "አሁን መድኃኒቱ እየገባ ነው" እላችኋለሁ። ክንዳችሁ ይቀዘቅዛል። አፋችሁን ብረት ብረት ሊላችሁ ይችላል፣ ትንሽ ማቅለሽለሽም እንዲሁ። በደቂቃ ውስጥ ያልፋል። ክንዳችሁ ላይ ቢያቃጥላችሁ ወይም ቢያብጥ ግን ኳሷን ጭመቁ፤ መድኃኒቱ ከስሩ ውጭ እየፈሰሰ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ያሉት 7 ደቂቃ ገደማ የምርመራው ልብ ናቸው። ያንኑ ቦታ ደጋግመን እናነሳለን። ኮምፒውተሩ ከመድኃኒት በኋላ ካለው ምስል ከመድኃኒት በፊት ያለውን ይቀንሳል። የሚቀረው ያበራው ቦታ ብቻ ነው። በመሃል ትንሽ ከተንቀሳቀሳችሁ ሁለቱ ምስሎች አይገጥሙም። ስቡ ራሱ እንደ ካንሰር ያበራል፣ ወይም እውነተኛው ካንሰር ይጠፋል።

አንዲት ጎበዝ ወጣት ነበረች። 20 ደቂቃ እንደ ሐውልት ተኛች። መድኃኒቱ ሲገባ ግን "እሺ" ብላ ልትመልስልኝ ቀና አለች። በቃ፣ አለቀ። መድኃኒቱ አንዴ ሰውነት ውስጥ ስለገባ ያንኑ ሰዓት መድገም አይቻልም፤ ሌላ ቀን፣ ሌላ መርፌ። ስለዚህ ሳናግራችሁ አትመልሱልኝ። መተንፈስ ግን አታቁሙ። ቀስ ያለ፣ ከሆድ የሚመጣ ትንፋሽ ይሁን። ማሳል ካለባችሁ መድኃኒቱ ከመግባቱ በፊት፣ "አሁን ሳሉ" ስላችሁ ሳሉ።

10. ከወጣችሁ በኋላ

ቀስ ብላችሁ ተነሱ። ካኑላው ይወጣል። ውኃ ጠጡ፤ ኩላሊታችሁ ጤነኛ ከሆነ መድኃኒቱ በአብዛኛው በ24 ሰዓት ውስጥ በሽንት ይወጣል። ጥቂት ቅሪት ግን ሰውነት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል፤ ኩላሊታቸው ጤነኛ በሆኑ ሰዎች ላይ ጉዳት ማድረሱ አልታወቀም። ሽፍታ፣ የፊት እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

የምታጠቡ እናቶች ማጥባት ትችላላችሁ። ወደ ወተቱ የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው፤ ልጁ የሚመጠው ከዚያም ያነሰ። ልባችሁ አላርፍ ካለ ቀድማችሁ ወተት አልባችሁ አስቀምጡና ለ12 እስከ 24 ሰዓት የሚታለበውን ድፉት።

11. ውጤቱን እንዴት ታነባላችሁ?

ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ "ባይራድስ" የሚል ቁጥር አለ። 1 ምንም የለም፤ 2 ያለው ነገር ጉዳት የለውም። 0 ከሆነ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ካንሰር ማለት አይደለም። 3 ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ100 ከ2 አይበልጥም፤ ብዙውን ጊዜ ከ6 ወር በኋላ ይደገማል። 4 እና 5 ባዮፕሲ ይፈልጋሉ። 4 በጣም ሰፊ ነው፦ ከ100 ከ2 በላይ ጀምሮ 95 እስኪደርስ። 5 ሲሆን 95 እና ከዚያ በላይ ነው። 6 ካንሰርነቱ አስቀድሞ በናሙና ለተረጋገጠ ነው።

4 ያየች ሴት ሁሉ ታለቅሳለች ብዬ ብናገር አላጋነንኩም። ኤምአርአይ ግን ካንሰር ያልሆነውንም ያበራል። ለዚህ ነው ቀጥሎ ብዙ ጊዜ አልትራሳውንድ የሚደገመው፤ ቦታው ከታየ ባዮፕሲው በዚያው ይወሰዳል፤ ካልታየ በኤምአርአይ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

*"የባሕር ምግብ ስለማይስማማኝ ኮንትራስት አልወስድም።"* ግንኙነት የለውም። የሲቲ ስካን አዮዲን አለርጂም ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ ይሄኛው ሌላ መድኃኒት ነው። ንገሩን እንጂ በራሳችሁ አትሰርዙ።

*"ጨረር አለው፣ እፈራለሁ።"* ኤምአርአይ በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው የሚሠራው። የራጅ ጨረር የለውም።

*የድሮውን ሲዲ ቤት ትቶ መምጣት።* "ሪፖርቱ አለ" ይሉኛል። ራዲዮሎጂስቱ የሚፈልገው ምስሉን ነው። ያ ነጥብ ከ2 ዓመት በፊትም እዚያው ከነበረና ካልተለወጠ ባዮፕሲ ሊቀርላችሁ ይችላል። የዛሬውንም ሲዲ ሳትቀበሉ አትውጡ።

*ኤምአርአዩ ንጹሕ ነው ብሎ ሌላውን መተው።* ማሞግራፊ ላይ አሸዋ የመሰሉ የካልሲየም ነጥቦች ታይተው ባዮፕሲ ከታዘዘላችሁ ሄዳችሁ ውሰዱ። ኤምአርአይ እነዚያን ነጥቦች አያያቸውም። በእጃችሁ የምትዳስሱት እብጠትም ኤምአርአዩ ምንም ባይል እንኳ ለሐኪም ይታያል።